በአባ ፊጣ ጭን ውስጥ የተሰበረው ብረት

እሑድ፣ ከአዲስ አበባ እስከ የቡ

ጅማ የሄድኩት አክስቴ በስልክ የማልችለውን ነገር ስላዘዙኝ ነው። አዳዳ ሐሊማ የአባቴ እህት ናቸው፤ እኛ ጅማ ያደግነው የአባትን እህት በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምንላት። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ፣

"ዘሀራ፣ አንቺ የብረት አስተማሪ አይደለሽ?" አሉኝ።

"ነኝ።"

"እንግዲያው ለአባ ፊጣ የማይሰበር ብረት ሠርተሽ አምጪልን። የበፊቱ ተሰበረ።"

አባ ፊጣ ባለቤታቸው ናቸው፤ የቡ ላይ ቡና የሚያለሙ ገበሬ። ግንቦት ላይ ከኋላ ተቀምጠውበት የነበረ ሞተር ሳይክል ጭቃ ላይ ተገልብጦ ጭናቸው ተሰበረ። ጅማ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አጥንቱ ሐኪሞች ሳህን በሚሉት ቀዳዳ ባለው የብረት ዝርግና በብሎን ታሰረ። አራት ወር ሳይሞላ ብረቱ ለሁለት ተሰበረ። እሱን ለማውጣት እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ አሁን አጥንቱን ከውጪ የተተከለ ዘንግ ይዞታል። ሌላ ብረት እስኪገባላቸው ነው የሚጠብቁት።

እኔ አዲስ አበባ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ቶርኖና ሚሊንግ በሚባሉ ማሽኖች ብረት መቅረጽ አስተምራለሁ። ለአዳዳ በስልክ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰውነት ውስጥ የሚገባ ብረት እንደ በር ማጠፊያ ተቆርጦ ተበስቶ የሚያልቅ አይደለም። ሲቀልጥ ጀምሮ ንጹሕ መሆን አለበት፤ የደም ጨው እንዳይበላው ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ይጨመርበታል። ከተበሳ በኋላ የቀዳዳው ከንፈር ይለሰልሳል፣ ገጹ እንደ መስተዋት ይወለወላል፣ በአሲድ ታጥቦ ዝገት የሚከላከል ስስ ቆዳ ያወጣል። በመጨረሻም ማን እንደሠራው፣ የትኛው ዙር ላይ ከቀለጠ ብረት እንደተሠራ የሚናገር ቁጥር ይቀረጽበታል። በእኔ ወርክሾፕ ይህ ሁሉ አይሆንም።

አዳዳ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። "አትችይም ማለት ነው?"

"አልችልም።"

"እሺ። የተሰበረውን ግን መጥተሽ እዪው። ማሎ፣ ዘሀራ።" ማሎ እባክሽ ነው። አክስቴ ሰው የሚለማመኑ ሴት አይደሉም።

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ከልብስ ሌላ ውፍረት የምለካበት ካሊፐር፣ አጉሊ መነጽርና የአውራ ጣት ያህል ማግኔት አለ። ወልቂጤ ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ መውረድ ሲጀምር መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። አስፋልቱ በየቦታው ተቆራርሶ ሾፌሩ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ነው የሚነዳው፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ በየጉድጓዱ "ቢስሚላህ" ይላሉ። ሰኮሩ ላይ አራት ሙዝ በሃምሳ ብር ገዝቼ ሁለቱን ለእሳቸው ሰጠሁ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። "ብረት ደግሞ በሰው ገላ ውስጥ ይሰበራል እንዴ?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ያ ጥያቄ እስከ ጅማ አልለቀቀኝም።

ስምንት ሰዓት ላይ ጅማ ገባን፤ ወዲያው በአጋሮ መስመር ሚኒባስ ወደ የቡ ቀጠልኩ። ወሩ ኅዳር ነው፣ የለቀማው ጊዜ። በየመንገዱ ዳር ቀይ እሸት ቡና የሞላ ጆንያ ተደርድሯል፤ ከቡና ማጠቢያው የሚመጣው የገለፈት ሽታ ሚኒባሱ ውስጥ ድረስ ይገባል። የአባ ፊጣ ማሳ ጋ ስደርስ ግን ቡናው ከዛፉ ሥር ረግፎ መሬቱ ቀልቶ አየሁት። ለቃሚ ፈልጎ፣ አስተባብሮ፣ ቆሞ የሚያስለቅሙት እሳቸው ተኝተዋል።

አባ ፊጣ ግድግዳ ተደግፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አራት የብረት ካስማ ከጭናቸው ወጥቶ ከውጪ ባለው ዘንግ ላይ ታስሯል። "አካም ጅርታ፣ ዘሀራ" አሉኝ እየሳቁ። ስቄ መመለስ አቃተኝ።

አዳዳ ከቁም ሣጥን ውስጥ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። ሳህኑ መሀሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋ ለሁለት ተከፍሏል። ገና ሳልገልጠው አባ ፊጣ ተናገሩ።

"እኔ ነኝ የሰበርኩት።"

"እንዴት?"

"አንድ ጁምዓ መስጂድ ሄድኩ። ተቀምጠህ ስገድ ተብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ሲቆም አፈርኩ፣ በምርኩዝ ቆሜ ሰገድኩ። በሳምንቱ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ስናገር፣ 'በቃ፣ ቆመው ሰግደው ሰብረውታል' አሉኝ።"

"እኔም ብያቸዋለሁ" አሉ አዳዳ፣ ፊታቸውን አዙረው። "ይተዉ ብላቸው አልሰማ አሉኝ ብያለሁ።"

ከዚያ ጁምዓ ወዲህ አባ ፊጣ መስጂድ አልሄዱም። ብረቱን ከማውጣታቸው በፊትም ቢሆን፣ ወዳጆቻቸው በባጃጅ እንውሰድዎ ሲሏቸው እምቢ ብለዋል። ሰላታቸውን ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር መሆኑን አዳዳ በኋላ ጓዳ ውስጥ ነገሩኝ፤ በገዛ ራሳቸው ጥፋት ቤታቸውን ችግር ላይ ስለጣሉ ይቅርታ።

ብረቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ቁጥር ፈለግሁ። በፊቱም፣ በጀርባውም፣ በጠርዙም አንድ ፊደል የለም። ማግኔቱን አስጠጋሁት፤ ልጥፍ ብሎ ተጣበቀ። ለሰው አካል የሚመረጠው ስቴንለስ በማግኔት አይያዝም። ማግኔት ሁሉን ነገር አይናገርም፤ የማይያዘው ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። የሚያዘው ግን ጭን ውስጥ መግባት አልነበረበትም።

በአጉሊ መነጽር የተሰበረውን ገጽ አየሁ። የቀዳዳው ግድግዳ አልለሰለሰም፤ መሰርሰሪያው የጫረው ጭረት እንዳለ ቀርቷል። ስንጥቁ የተነሣው ከአንዱ ጭረት ነው። ከዚያ ተነሥቶ እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት መስመር በመስመር እየሰፋ ሄዷል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ ይህን ቢያዩ ምን እንደሆነ ይነግሩኛል። ብረት በአንድ ኃይል ሲሰበር እንዲህ ዓይነት መስመር አይተውም። ይኼ ከውስጥ ቀስ በቀስ፣ ለብዙ ሳምንት ሲሰነጠቅ የኖረ ነው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "አባ ፊጣ፣ እርስዎ አልሰበሩትም። ወደ መስጂድ ሲሄዱ እየተሰበረ ነበር። ሲሠራም የሚሰበር ተደርጎ ነው የተሠራው።"

ጭናቸው ላይ የታሰረውን ዘንግ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ የሰውን ልብ የሚበላ ነገር ጠየቁኝ።

"ታዲያ እኔ አፉ ብዬ ይቅር የምለው ማንን ነው?"

ሰኞ፣ ጅማ

ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ዶክተር ናሆም ይባላል፤ ጎጃም ተወልዶ ጅማ ተምሮ የቀረ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው። የሚሠራበትን ተቋም ስም አልጽፍም። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ጠብቄ አገኘሁት። ብረቱን አሳየሁት።

"አጥንቱ ካልገጠመ የትኛውም ሳህን ይሰበራል፤ ታካሚው ቀድሞ ረግጦበታል" አለኝ እየተራመደ።

"ራጁ ላይ አጥንቱ መግጠም ጀምሮ ነበር፤ ቤታቸው አይቼዋለሁ። ይኼን ብረት ማን ሰጠዎት?"

"እኛ ጋ ካለቀ ቆይቷል። መጠኑን ጽፈን እንሰጣለን፣ ቤተሰብ ከውጪ ገዝቶ ያመጣል፣ እኛ እንቀቅለዋለን።" ቆም አለ። "ሳህን የለኝም ብዬ ሰውን ልመልስ?"

ብረቱን መልሼ ጠቀለልኩት፤ ንዴቴ ግን አልቀነሰም። ሰው ጉልበቱን ሸጦ ብረት እንዲገዛ ይላካል፤ ብረቱ ሲሰበር ደግሞ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል።

አዳዳ የገዙበትን ሱቅ ነግረውኝ ነበር። ከጅማው መርካቶ ብዙ አይርቅም፤ ምርኩዝ፣ ፋሻ፣ የደም ግፊት መለኪያ ይሸጣል። ባለሱቁ ትሑት የሚመስል፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ ነው። የተሰበረውን ብረት ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይኼ የት አገር ተሠራ?"

"ውጪ።"

"የትኛው ውጪ?"

"ውጪ ነው አልኩሽ፣ እህቴ።"

"ቁጥሩስ?"

"ካርቶኑ ላይ ነበር።"

"ካርቶኑ የታለ?"

"ተጥሏል። እህቴ፣ ስቴንለስ ስቴንለስ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው።"

ይህን ሲለኝ አጠገቤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ኮታቸው ላይ የጠመኔ አቧራ ያለባቸው ሰው ቆመው ነበር። ባለሱቁ አንድ ሳህንና ስድስት ብሎን፣ ብስኩት በሚታሸግበት ዓይነት ላስቲክ አድርጎ አቀበላቸው። ሳህኑ ከአባ ፊጣ ብረት ጋር መንታ ነው።

"ይቅርታ፣ አንዴ ልየው?" አልኩና እጄን ዘረጋሁ። ማግኔቱ ላስቲኩን አልፎ ያዘው።

ባለሱቁ ነጥቆ ወሰደብኝ። "ደንበኛዬን አታስፈራሪብኝ! አንቺ ሐኪም ነሽ?"

ለሰውዬው ቶሎ ቶሎ አስረዳሁ። እሳቸው ተካልኝ የተባሉ፣ ሸቤ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። የባለቤታቸው ቅልጥም ተሰብሯል፤ አልጋ ስላልተገኘ በጄሶ ታስረው ቤት ተመልሰዋል፤ ቀዶ ሕክምናው ረቡዕ ነው።

"ልጄ፣" አሉኝ በቁጣ፣ "ብረቱን ይዘህ ና ያለኝ ሐኪም ነው። ይዤ ልሄድ ነው። አንቺን አምኜ ባዶ እጄን ብሄድ ባለቤቴን ማን ያክምልኛል?" ላስቲኩን ኪሳቸው ከትተው ወጡ። ተከትያቸው ብወጣም ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሄደዋል።

የጅማ ሰማይ ጥርት ብሎ፣ ሰው ሁሉ በየሥራው ላይ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ እንደ እብድ ቆሜ ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ሸቤ

ያንን ሳህን ሴትዮዋ ቅልጥም ውስጥ ሲገባ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አልቻልኩም። በቦንጋ መስመር ሚኒባስ ሸቤ ሄድኩ። ከሴካ በኋላ ጫካው ወደ መንገዱ ይጠጋል፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። አጠገቤ የነበሩ ወጣቶች ስለ እንግሊዝ ኳስ በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ ሲከራከሩ እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር እለማመዳለሁ።

መምህር ተካልኝን ሸቤ ላይ የማያውቅ የለም። ቤታቸው ስደርስ እሳቸው ትምህርት ቤት ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች እግራቸውን በጄሶ በርጩማ ላይ ሰቅለው ምስር ይለቅማሉ።

"አንቺ ነሽ የማግኔቷ ሴት?" አሉኝ ገና ከደጅ። "ነግሮኛል። ስድብሽንም ጨምሮ።"

"ሰው አልተሳደብኩም፣ እትዬ።"

"እሱማ ሲያወራ ይጨምራል። ግቢ፣ ተቀመጪ።"

ጎረቤታቸው የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረበችልኝ። እየበላሁ ስለ አባ ፊጣ ነገርኳቸው፤ ስለ ጁምዓው ስደርስ ምስሩን መልቀም አቆሙ። ከዚያ ማግኔቱን ተቀበሉኝና ጎረቤታቸውን "የሰርጌን ማንኪያና የሽንኩርት ቢላውን አምጪልኝ" አሏት። ማንኪያውን በማግኔቱ ነኩት፤ አልያዘም። ቢላውን ነኩት፤ ያዘ። ሳህኑን ከላስቲኩ አውጥተው ነኩት። ያዘ።

"ዘመዱ ቢላዬ ነው" አሉ። "ማንኪያዬ እንኳ ይሻላል ማለት ነው?"

"ማንኪያውም ለአጥንት አይሆንም፣ እትዬ። ግን እውነትዎን ነው።"

መምህሩ ለምሳ ሲመጡ ቤት ውስጥ አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ። ሚስታቸው አፍታ አልሰጧቸውም። "ተካልኝ፣ ይኼ ነገር እኔ ውስጥ አይገባም። ነገ እንሄዳለን፤ ሐኪሙ በዚህ ማግኔት ራሱ ይሞክረው። እምቢ ካለ በጄሶዬ እመለሳለሁ።"

"ቀጠሮው ቢያልፈንስ?"

"እግሩ የማን ነው?"

መምህሩ ቁጭ አሉ። ቆይተው፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ትናንት ያመናጨቅሁሽ ፈርቼ ነው" አሉ።

ረቡዕ፣ እንደገና ጅማ

ወይዘሮ ዘነበችን በሚኒባሱ የኋላ ወንበር አስተኝተን ጠዋት ደረስን። ዶክተር ናሆም እኔን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። "ደግሞ መጣሽ?"

"እኔ ነኝ ያመጣኋት" አሉ ወይዘሮ ዘነበች ከተሽከርካሪ አልጋው ላይ። "ዶክተር፣ ሞክረው።"

ሰው እየተሰበሰበ ነበርና ወደ አንድ ክፍል አስገባን። ድሮ በእርዳታ ከመጣ ሣጥን የቀሩ ሦስት ሳህኖች አወጣ፤ መጠናቸው ለማንም ስላልሆነ የቀሩ ናቸው። ሦስቱም ላይ ጥቃቅን ቁጥር ተቀርጿል። ማግኔቱን በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ላይ አሳለፈ፤ አልያዘም። ከሸቤ የመጣውን ነካ። ያዘ። አላቀቀውና ደግሞ ነካው።

ከዚያ ግድግዳውን እያየ፣ "ስንት ሰው ውስጥ አስገብቻለሁ?" አለ።

ስሰድበው ልውል ተዘጋጅቼ ነበር። ያን ድምፅ ስሰማ ስድቡ ከአፌ አልወጣም። ቀዶ ሕክምናውን ሰረዘ፤ ወይዘሮ ዘነበችን አልጋ አስያዛቸውና አዲስ አበባ ላለ የቀድሞ መምህሩ ስልክ ደወለ። ይህን ልጽፈው እንዳሰብኩ ስነግረው አንድ ነገር እንድጨምር ለመነኝ፤ አጥንት ካልገጠመ ጥሩ ሳህንም ሊሰበር እንደሚችል። እውነት ነው፤ ይኸው ጽፌዋለሁ።

በተራዬ ለመንኩት። "የአባ ፊጣ ብረት የተሰበረው በጉድለቱ ሊሆን እንደሚችል በወረቀት ይጻፉልኝ።"

"መጻፍ አልችልም።"

"ለምን?"

"ያስገባሁት እኔ ነኛ! ከጻፍኩ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ የሸጠው አይደለም፣ ከውጪ አገር ያመጣው አይደለም።"

"ታዲያ ተጠያቂው እስከ ዛሬ ማን ነበር? በምርኩዝ የቆሙት ሽማግሌ!" ጮኼ ነበር፤ ነርስ በሩን ከፍታ አየችን።

ዶክተሩ በሩን መልሶ ዘጋ። ከዚያ፣ "ስልካቸውን ስጪኝ" አለ። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ደወለ። "አባቴ፣ ዶክተር ናሆም ነኝ። ብረቱ መጥፎ ነበር። ያን ሳላይ በእርስዎ ላይ ተናገርኩ። ሰላትዎ አይደለም የሰበረው።"

 ቀጥሎ የሰማነው የአዳዳን ለቅሶ ነው፤ "ወላሂ እኔም በድዬዎታለሁ" እያሉ ለባላቸው። ዶክተሩ ስልኩን ዘግቶ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ሐሙስ፣ በሰርቦ በኩል ወደ ቤት

የመልሱ አውቶቡስ ሰርቦ ላይ ዕቃ ለመጫን ቆመ። አቮካዶ ልገዛ ወርጄ አንድ ብየዳ ቤት አየሁ። ደጃፉ ላይ የቆመው አዲስ የግቢ በር ታችኛው ጥግ ላይ የበያጁ ስምና ስልክ ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፏል።

"ለምንድን ነው የምትጽፈው?" አልኩት።

"ቢበላሽ እንዲደውሉልኛ" አለኝ፣ ጥያቄዬ ገርሞት።

እዚያው አስፋልት ዳር አቮካዶዬን ታቅፌ ቆምኩ። በር ላይ ስም አለ። ጭን ውስጥ የገባ ብረት ላይ የለም።

አዲስ አበባ ስገባ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከብረቱ ቆርጦ በመሣሪያ መረመረልኝ። ሞሊብዲነም የሚባል ነገር የለበትም፤ የዕቃ ማጠቢያ ሲንክና የምድጃ ሽፋን የሚሠራበት ተራ ብረት ነው። አንድ ሰው ይህን እያወቀ ቆረጠው፣ በሳው፣ አብለጨለጨው፣ ላስቲክ ውስጥ ከተተው። እኔ ለዓመታት ብረት ጫና ሲደጋገምበት ይደክማል እያልኩ አስተምሬአለሁ፤ ብረቱ ደክሞ ሲሰበር ጥፋቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ ግን አስተምሬ አላውቅም። ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው። ዝም ካልን ጥፋቱ ሁልጊዜ ብረቱን የተሸከመው ሰው ላይ ነው የሚወድቀው።

ወይዘሮ ዘነበች ቁጥር ያለው ሳህን ተገኝቶላቸው ታከሙ። አባ ፊጣም ታኅሣሥ ላይ ሦስተኛውን ቀዶ ሕክምና አድርገው አሁን በሁለት ምርኩዝ ይሄዳሉ። የምርመራውን ውጤት፣ ፎቶውንና ማመልከቻ አያይዤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገባሁ። ከብዙ መመላለስ በኋላ መልስ ተሰጠኝ፤ እኔ ተጎጂ ስላልሆንኩ አቤቱታዬ አይታይም፤ ተጎጂው አዲስ አበባ በአካል ቀርቦ ያመልክት።

ጭኑ የተሰበረ ሰው! መንገድ ላይ እንባዬ እየመጣ ወደ የቡ ደወልኩ፤ ነገሩን ትቼዋለሁ ልላቸው ነበር። አባ ፊጣ አስጨርሰው ሰሙኝ።

"ቢሮው የት ነው?"

"ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።"

"ደረጃ ነው?"

"ደረጃ ነው። ሊፍት የለውም።"

 ከበስተኋላቸው ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

"እወጣዋለሁ" አሉ። "ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።"